የባሕር ዳርቻው ቤት በአብዱልራዛቅ ጉርናህ ልብ ወለዶች

የተከበራችሁ ደራስያንና መምህራን፣ ውድ የባሕር ዳር የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች፤

ዛሬ ልናገርላቸው የቆምኩት አብዱልራዛቅ ጉርናህ እ.ኤ.አ. በ1948 በዛንዚባር ተወለዱ። ከ1964ቱ አብዮት በኋላ በደሴቲቱ መኖር ቢከብዳቸው በወጣትነታቸው ወደ እንግሊዝ ተሰደዱ፤ በኬንት ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት ሥነ ጽሑፍ ካስተማሩ በኋላ በ2021 የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ተሰጣቸው። የስዊድን አካዳሚ የቅኝ አገዛዝን መዘዝና የስደተኛን ዕጣ በመጻፋቸው እንደ ሸለማቸው ገልጿል። ምክንያቱ እውነት ነው፤ ለእኔ ግን ግማሹን ብቻ የሚናገር ይመስለኛል፤ ምክንያቱም በጉርናህ መጻሕፍት ውስጥ ስደተኛው ወደ ሰው አገር ከመግባቱ በፊት ክፍሎቹን፣ ዕዳውንና ዘመዶቹን በዝርዝር የምናውቀው ቤት አለው።

በ2001 ያሳተሙትን «ባይ ዘ ሲ» እንመልከት። ሳሌህ ኦማር የተባለ ሽማግሌ እንግሊዝ አውሮፕላን ማረፊያ ደርሶ ጥገኝነት ሲጠይቅ ከሻንጣው የሚገኘው ውድ ንብረት በትንሽ ሳጥን ያኖረው ዕጣን ነው፤ እሱንም ተቆጣጣሪው ይወስድበታል። የያዘው ፓስፖርት ደግሞ በባላንጣው ስም የወጣ ነው። ነገሩ የሚጀምረው በነፋሱ ወቅት ከባሕረ ሰላጤው በመርከብ ከሚመጣ ነጋዴ ነው፤ ይህ ሰው ቤት በዋስትና ይዞ ለአንድ አባወራ ያበደረበትን ሰነድ ለሳሌህ ያስተላልፍና በዚያው ሳይመለስ ይቀራል። ሳሌህ ቤቱን ከነዕቃው ይረከባል፤ አንድ የዞጲ ጠረጴዛ እንዲመልስ ሊለምን የተላከውን የቤቱን ልጅ ባዶ እጁን ይሸኘዋል፤ በኋላም የዚያ ቤተሰብ ቂም ለረጅም ዓመታት እስር ይዳርገዋል። ስንት ዓመት የፈጀ የርስትና የድንበር ክርክር ሲሰማ ላደገ የጎጃም ሰው ይህ ታሪክ ማብራሪያ የሚያሻው አይመስለኝም።

በ1994 የታተመው «ፓራዳይዝ» ደግሞ አባቱ ስለ ዕዳው በመያዣነት የሰጠውን ዩሱፍ የተባለ የ12 ዓመት ልጅ ይከተላል። ልጁ «አጎቴ» የሚለው ባለጸጋ ነጋዴ አጎቱ እንዳልሆነ የሚነግረው በዚያው ሱቅ እንደ እሱ በዕዳ የተያዘ ሌላ ወጣት ነው። ጉርናህ የባሕሩን ዳርቻ ቢወዱትም አያቆላምጡትም፤ ዝምድና የሚመስለው ዕዳ ሆኖ ሲገኝ፣ ሴቶች በግቢ ታጥረው ሲኖሩ፣ ሁሉንም እንደነበረ ይጽፉታል።

ወደ ጣና ልመለስ። የጎጃምን የባላባት ቤት ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» አቆይተውልናል፤ የሐይቁ ዳርቻ ቤተሰብ ግን ያን ያህል አልተጻፈለትም ባይ ነኝ። ጣና በጽሑፎቻችን ብዙ ጊዜ የሚገባው ጀንበር ስትጠልቅ ለማሳየት ነው። ዘጌን ብንወስድ በሬ ጠምዶ ማረስ በትውፊት ክልክል በመሆኑ ቤተሰቡ በቡና፣ በጌሾና በሎሚ ይተዳደራል፤ እህሉን በአብዛኛው ከውጭ ይገዛል። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ከመሬት ይልቅ የቡና ዛፍ ሲወረስ ወንድምና እህት እንዴት ይካፈላሉ? ለልብ ወለድ ጸሐፊ ይህ አንድ ጥያቄ ብቻውን መጽሐፍ ይወጣዋል።

ከደንገል ታንኳ የሚሠራውን የወይጦ ማኅበረሰብም አስባለሁ። ደንገሉ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድና ስለሚበሰብስ ታንኳው በየጊዜው እንደ አዲስ ይታሰራል፤ ሙያውም ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፈው በዚያው ሥራ ላይ ነው። ታንኳውን በፖስትካርድ የምናሳይ ሰዎች ሠሪውን ጎረቤቶቹ ለዘመናት ሲንቁትና በማዕዳቸው ሳያስቀምጡት መኖራቸውን ከዘለልን የምናቆየው ቅርስ የተሸራረፈ ይሆናል። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ሐይቁን የወረረው እምቦጭም እስካሁን የምናውቀው በሄክታር ነው፤ መረቡን የሚጥልበት ያጣው ዓሣ አጥማጅ ቤት ውስጥ ማን ወደ ከተማ እንደ ተሰደደ፣ ማን የማንን ዕዳ እንደ ተረከበ የሚነግረን ልብ ወለድ ነው።

ስለዚህ ለወጣት ደራስያን የማቀርበው ጥያቄ አጭር ነው። የሚቀጥለውን ታሪካችሁን ከመጀመራችሁ በፊት በደቅ፣ በዘጌ ወይም እዚሁ ከተማችን ዳርቻ አንድ ቤተሰብ ምረጡና ማን ለማን እንዳበደረ፣ ማን ከማን ጋር እንደ ተጋባ፣ በየትኛው ውርስ እንደ ተኳረፈ ጠይቃችሁ መዝግቡ። አሁን ሳሌህ ኦማር ዕጣኑን የሚነጠቅበትን ክፍል ወጣቶቹ በአማርኛ ያነቡልናል፤ ከንባቡ በኋላ እንወያያለን። ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።