ከሞናኮ ወደብ ወደ ሰሜን ባሕር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ክቡራን እንግዶች፣ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም መጣችሁ።

ጉባኤውን ከመክፈቴ በፊት በመጋዝ ለሁለት ስለተሰነጠቀ አንድ መንሳፈፊያ ላውራችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1914 እንግሊዛዊው አውሮፕላን ሠሪ ቶማስ ሶፕዊዝ ታብሎይድ የተባለችውን ትንሽ አውሮፕላኑን ከውሃ ላይ ለሚነሱ አውሮፕላኖች በተዘጋጀው የፍጥነት ውድድር፣ በሞናኮው የሽናይደር ዋንጫ ሊያወዳድር ተነሳ። አውሮፕላኗ ግን የምትነሳው ከየብስ ነበር። ስለዚህ ጎማዋ ወልቆ ከሥሯ አንድ ትልቅ መንሳፈፊያ ተገጠመላት። እንግሊዝ ውስጥ ሃምብል ላይ ስትሞከር ግን በአፍንጫዋ ውሃው ላይ ተደፋች። አብራሪው ሃዋርድ ፒክስተንም ውሃ ውስጥ ገባ። ውድድሩ ደርሷል፣ አዲስ ለመሥራት ጊዜ የለም። ያንኑ መንሳፈፊያ ቁመቱን ይዘው በመጋዝ ሰነጠቁት፤ ግማሹን በግራ፣ ግማሹን በቀኝ ገጠሙት። በቃ፣ ውሃው ላይ ቀጥ ብላ ቆመች!

ኤፕሪል 20 ቀን ፒክስተን 280 ኪሎ ሜትሩን በሰዓት 140 ኪሎ ሜትር ገደማ በረረ። መንገድ ላይ ከሞተሩ ሲሊንደሮች አንዱ ቢያስቸግረውም ዋንጫውን ወሰደ።

በዚያው ዓመት አንደኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳ። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የዚችኑ አውሮፕላን ዝርያ አዘዘ፤ ስሟም ከዋንጫው ተወስዶ ሽናይደር ተባለ። 136 ተሠሩ። በላይኛው ክንፍ መሃል በተከፈተ ቀዳዳ ወደ ላይ የሚተኩስ የሉዊስ መትረየስ ተገጠመላቸው። የሚያሳድዱት ዜፕሊን የተባለውን የጀርመን አየር መርከብ ነበር።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የሞናኮ ውሃ የወደብ ውሃ ነው። ሰሜን ባሕር ማዕበል አለው። መርከቦች አውሮፕላኖቹን አውርደው ባሕሩ ላይ ሲያስቀምጧቸው መንሳፈፊያቸው በማዕበል ይሰባበር ነበር፤ ብዙ ጊዜም ከነጭራሹ ሳይነሱ ይቀራሉ። እኛ የታሪክ ወዳጆች ስለ ፍጥነት ማውራት እንወዳለን። በእኔ እምነት ግን የዚችን አውሮፕላን ዕጣ የወሰነው ከሞተሩ ይልቅ መንሳፈፊያው ነው።

መፍትሔው የመጣው ከባሕሩ በመሸሽ ነው። ኦገስት 6 ቀን 1915 ካምፓኒያ የተባለችው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መርከብ በ17 ኖት (በሰዓት 31 ኪሎ ሜትር ገደማ) ፍጥነት ወደ ነፋሱ እየተጓዘች ሳለ፣ አንዲት ሽናይደር ባለ ጎማ ጋሪ ላይ ተቀምጣ ከመርከቧ ወለል ላይ ተነሳች። የባሕር አውሮፕላን ናት፣ ግን ውሃ ሳትነካ በረረች። በኋላ የመጣችው ሶፕዊዝ ቤቢም የዚችው ልጅ ናት።

የዛሬው የመጀመሪያ ጽሑፍ ከመርከብ ወለል ስለሚነሱ አውሮፕላኖች ነው፤ አቅራቢውን ወደ መድረክ እየጋበዝኩ ጉባኤው መከፈቱን አበስራለሁ።