ቁስሉን አሳይቶ ይቅር አላቸው

በዳግም ትንሣኤ ዕለት ለካቶሊክ ቁምስና (ደብር) ምእመናን የቀረበ ንግግር

ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን!

ክቡራን ካህናት፣ ገዳማውያንና ገዳማውያት፣ ውድ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤

ዛሬ ጠዋት በቅዳሴ የሰማነው ወንጌል ዮሐንስ ምዕራፍ 20 ነው። ይህ ወንጌል ሲነሣ ሁላችንም ቶሎ ወደ ቶማስ እንሮጣለን። እኔ ግን ቶማስ ባልነበረባት በዚያች በመጀመሪያዋ ማታ ላይ ትንሽ እንድንቆይ እለምናችኋለሁ።

በሩ ተዘግቷል። ውስጥ የተቀመጡት ሐሙስ ሌሊት ጌታን ጥለው የሸሹት ናቸው፤ ጴጥሮስማ ምሎ ክዷል። ጌታ መጥቶ በመካከላቸው ቆመ። ስለ ሽሽታቸው አንዲት ቃል አላነሣባቸውም። «ሰላም ለእናንተ ይሁን» አለና እጆቹንና ጎኑን አሳያቸው። ከዚያም እፍ አለባቸውና «መንፈስ ቅዱስን ተቀበሉ፤ ኃጢአታቸውን ይቅር ያላችኋቸው ሁሉ ይቀርላቸዋል» አላቸው። ኃጢአትን የማስተስረይ ሥልጣን የተሰጠው በዚያው በትንሣኤው ዕለት ማታ ነው። የሰጣቸውም ችንካር የበሳው እጅ፣ ጦር የወጋው ጎን ያለው፣ ትንፋሹ ፊታቸው ላይ የተሰማቸው ጌታ ነው።

ልነግራችሁ የመጣሁትም ይህንኑ ነው። የኃጢአት ሥርየትና የሥጋ ትንሣኤ አንዱ ከሌላው አይለይም። እ.ኤ.አ. በ381 በቁስጥንጥንያ ጉባኤ በጸናው ጸሎተ ሃይማኖት «ኃጢአት በሚሠረይባት በአንዲት ጥምቀት እናምናለን» ብለን ትንፋሽ ሳንወስድ «የሙታንንም መነሣት ተስፋ እናደርጋለን» እንላለን። ቅዱስ ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ «ክርስቶስም ካልተነሣ እምነታችሁ ከንቱ ናት፤ እስከ አሁን ድረስ በኃጢአታችሁ አላችሁ» ብሏቸዋል። መቃብሩ ባዶ ካልሆነ ይቅርታችንም የለም ማለቱ ነው።

የተገላቢጦሹም እውነት ነው፤ እሱ ደግሞ ያስፈራል። እ.ኤ.አ. በ1215 የተሰበሰበው አራተኛው የላተራን የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ሰዎች ሁሉ አሁን በያዙት በገዛ ሥጋቸው እንደሚነሡ አውጇል። ሁሉም ነው ያለው፤ ጻድቁም ኃጥኡም። ጌታ ራሱ መልካም ያደረጉ ለሕይወት ትንሣኤ፣ ክፉ ያደረጉ ለፍርድ ትንሣኤ እንደሚወጡ ተናግሯል። ስለዚህ መነሣት ብቻውን የምሥራች አይደለም። የምሥራች የሚያደርገው ይቅር የተባለ ሰው ሆኖ መነሣት ነው። ያው ጉባኤ ነው እንግዲህ እያንዳንዱ ምእመን ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ እንዲናዘዝ የደነገገው።

ልባችንን ብንመረምር ግን ብዙዎቻችን የምናምነው ነፍስ ወደ ሰማይ መሄዷን ብቻ ነው። ሥጋ ለአፈር ነው ብለን ፋይሉን ዘግተናል። ቤተ ክርስቲያን እንዲህ አታስብም። በፍትሐት ጊዜ ካህኑ አስከሬኑን ዞሮ ሲያጥን አይታችኋል። አብቅቶለት ቢሆን ማን ያጥነው ነበር? ያ ግንባር በሜሮን ታትሟል፤ ያ አፍ ሥጋ ወደሙን ተቀብሏል፤ ያ ጉልበት ሰግዷል። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ደጋግመው ስለሚጠይቁ በአጭሩ ልመልስ፤ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ፣ ትንሣኤን ለመካድ እስካልሆነ ድረስ፣ ሬሳ ማቃጠልን አትከለክልም። መቅበርን ግን አሁንም ታስቀድማለች፤ አመዱም በተቀደሰ ስፍራ እንዲቀመጥ እንጂ እንዳይበተን እ.ኤ.አ. በ2016 አስታውቃለች።

መቃብር የሌላቸውስ? በዚህ አዳራሽ ውስጥም ልጃቸው ቀይ ባሕርን ወይም ሜዲትራኒያንን ሊሻገር ወጥቶ ድምፁ የጠፋባቸው ይኖራሉ። አልቅሰው የሚቀብሩት አስከሬን አላገኙም፤ ተዝካር ለማውጣት እንኳ «ሞቷል» ብሎ ማመኑ ይከብዳቸዋል። ቅዱስ አውግስጢኖስ ከ1,600 ዓመት በፊት አውሬ የበላው፣ እሳት የፈጀው፣ ውኃ ያሟሟው ሥጋ እንዴት ይነሣል ተብሎ ተጠይቆ ነበር። ካልነበረ የፈጠረ አምላክ የት እንደገባ አይጠፋበትም ብሎ መልሷል። እናቶቼ፣ የሥጋ ትንሣኤ ከማንም በፊት ለእናንተ የተነገረ ተስፋ ነው። ጡታችሁን የጠባው፣ በስሙ የምትጠሩት ያ ልጅ ራሱ ይነሣል።

ወደ ኑዛዜ ልመለስ። «ለምን ካህን ዘንድ እሄዳለሁ? ቤቴ ሆኜ እግዚአብሔርን ይቅር በለኝ ብለው አይሰማም?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ይሰማል፤ ጸልይ፣ አልቅስም። ነገር ግን ኃጢአቱን የሠራኸው በሐሳብ ብቻ ነበር? ያቺን ሴት የሰደበው አፍህ ነው፤ የሰው ገንዘብ የቆጠረው እጅህ ነው። በመጨረሻው ቀን ይህ አፍና ይህ እጅ ይነሣሉ። እንግዲያው ያው አፍ «በድያለሁ» ይበል፤ በጆሮህም «ይፍታህ» ሲባል ስማ። በላቲን ሥርዓተ አምልኮ፣ እነ ሶዶና ሐዋሳ ያሉ ሀገረ ስብከቶች በሚጠቀሙበት ማለቴ ነው፣ ካህኑ ከኃጢአት ሲፈታ የሚጀምረው እግዚአብሔር አብ በልጁ ሞትና ትንሣኤ ዓለምን ከራሱ ጋር ማስታረቁን በመናገር ነው። በምስጢረ ቀንዲልም፣ ሕሙማን በሚቀቡበት ምስጢር፣ የያዕቆብ ቃል ይፈጸማል፤ «ጌታም ያስነሣዋል፤ ኃጢአትንም ሠርቶ እንደ ሆነ ይሰረይለታል»። የታመመ ግንባርና እጅ በዘይት ሲቀባ ማስነሣትና ማስተስረይ አብረው ይጠራሉ።

በአረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥረው ዓመት ሙሉ ካህን የማያዩ እኅቶቻችንን ቤተ ክርስቲያን አልረሳችም። እግዚአብሔርን ከመውደድ የመጣ ፍጹም ጸጸት፣ እንደተቻለ ለመናዘዝ ከቆረጠ ልብ ጋር፣ ከባዱን ኃጢአት እንኳ ያስተሰርያል ብላ ታስተምራለች። ይህን ደውላችሁ ንገሯቸው። በስልክ ግን ኑዛዜ የለም።

እዚህ ያለን ደግሞ ሰበብ የለንም። አባቶች ከዚህ መርሐ ግብር በኋላ ለኑዛዜ ይቀመጣሉ። የሚያሳፍራችሁን ነገር የሰማ ካህን እስከ ዕለተ ሞቱ ለማንም መናገር አይችልም፤ ቢናገር ከቤተ ክርስቲያን አንድነት ይወገዛል። ብዙ ዓመት ሳትናዘዙ የቆያችሁ አጀማመሩ ከጠፋባችሁ «አባ፣ ረጅም ጊዜ ሆኖኛል፣ ይርዱኝ» በሉ፤ ቀሪውን እሳቸው እየጠየቁ ያስኬዱላችኋል። የግእዝ ሥርዓት አባቶች በግራ በኩል፣ የላቲኑ በቀኝ በኩል ናቸው፤ ከሁለቱም ዘንድ መግባት ትችላላችሁ።