መተሃራ ላይ የጋለችው ሞተር

ሜሮን፦ እንዴት ናችሁ አድማጮቻችን። ዛሬ እንግዳ የለንም። እንግዳችን የዮናስ ሞተር ናት።

ዮናስ፦ በሽተኛዋ በይ። ደግሞ አትሳቂብኝ።

ሜሮን፦ አልስቅም። ንገራቸው።

ዮናስ፦ 150 ሲሲ ናት። በአየር የምትቀዘቅዝ፣ አየርና ቤንዚን የሚቀላቅል ካርቡራተር ያላት፣ ተራ ሞተር። ማርሚታዋን፣ የጭስ ማውጫዋን፣ አስቀየርኩ። አጭር፣ ድምፅ ያለው ነገር። በዚያው የአየር ማጣሪያዋን ሳጥን አስወጥቼ ክፍት ፊልትሮ አስገጠምኩ። አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ወር ነዳኋት። እንዴት እንደተሻላት! ዳገት ላይ ታስል የነበረው እንኳ ቀረ።

ሜሮን፦ ይህቺን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ። ከዚያስ?

ዮናስ፦ አንድ ቅዳሜ ማለዳ በአሮጌው መንገድ ቁልቁል ወረድኩ። ቢሾፍቱ ደህና፣ አዳማ ደህና። ከአዳማ ወዲያ የነዳጁን እጀታ ስመልሰው ፓ! ፓ! ትላለች። እኔ እቴ፣ የውድድር ሞተር የያዝኩ መስሎኝ ደስ ብሎኛል። መተሃራ ልደርስ ስል፣ በሰቃ ሐይቅ አጠገብ ያ ጥቁር ድንጋይ ያለበት ጋ፣ ጉልበት አጣች። ቆሜ ሳይ የማርሚታው ቱቦ ሰማያዊ ሆኗል። ሱሪዬን አቃጥሎታል።

ሜሮን፦ እንኳን እግርህን አላቃጠለው። መጀመሪያ ምን አየህ?

ዮናስ፦ ስልኬን። ኔትወርክ አልነበረም።

ሜሮን፦ (ሳቅ) ዘይቱን አላየህም ማለት ነው።

ዮናስ፦ በኋላ አየሁ። ልክ ነበር። የሞተሩ ማቀዝቀዣ ክንፎች ላይም ጭቃ የለም። መተሃራ ያገኘሁት መካኒክ ግን ገና ሳያያት ድምፅዋን ሰምቶ ፈረደ። «ማርሚታው ነው፣ አውጣው» አለኝ።

ሜሮን፦ ግማሹ እውነት ነው። አሁን ወደ ሳሏ ልመለስ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ነው፣ ሩብ ያህሉ ጎድሏል በለው። ካርቡራተሩ ግን ይህን በደንብ አያውቅለትም። ቤንዚኑ የሚያልፍባት የጄቷ ቀዳዳ ያው ስለሆነ ቤንዚኑን እንደ ልማዷ ትለቃለች። ስለዚህ ፋብሪካ እንደሠራት ያለች ሞተር እዚህ ቤንዚን ይበዛባታል። ያስላታል ያልከው እሱ ነው። አንተ ማርሚታና ፊልትሮ ስትከፍትላት አየር ጨመርክላት። ሳታውቀው ቅልቅሉን አስተካከልክላት።

ዮናስ፦ ጎበዝ ነኛ!

ሜሮን፦ ለአዲስ አበባ ጎበዝ ነህ። መተሃራ ግን 1,000 ሜትር እንኳ አትሞላም። አየሩ ወፍራም ነው። አየሩ ሲጨምር ቤንዚኑ በዚያው ልክ አልጨመረም። ቅልቅሉ ቀጠነ፣ ቤንዚን አነሰው። በሒሳቡ ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ አየር ነው። ጉልበት ስትፈልግ ግን ሞተር 12.5 ወይም 13 ላይ ነው ደስ የሚላት፣ ቤንዚን ትንሽ ተርፎ። ትርፉ ሲተን ያቀዘቅዝላታል። ቀጭን ቅልቅል ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚነደው። የማስወጫ ቫልቩ ሲከፈት ገና እየነደደ ይወጣል። ቱቦህን ሰማያዊ ያደረገው እሱ ነው።

ዮናስ፦ ግን እኮ አዲስ አበባም ቀለበት መንገድ ላይ እነዳታለሁ። ምንም አላለችም።

ሜሮን፦ ነዳጁን እስከ መጨረሻ ይዘህ ስንት ደቂቃ ትቆያለህ?

ዮናስ፦ በዚህ መብራትና በዚህ ሚኒባስ? አሥር ሰከንድ።

ሜሮን፦ በቃ። ከሚኒሞ፣ ነዳጅ ሳትሰጣት ከምትሠራበት ማለቴ ነው፣ እስከ ሩብ እጀታ የምትሠራው ትንሿ ጄት ናት። መሀሉ ላይ መርፌው፣ ከሦስት ሩብ በላይ ደግሞ ዋናዋ ጄት። ከተማ ውስጥ ዋናዋን አልነካሃትም። ከአዳማ ወዲያ ያ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ነው ያሠራሃት። እጀታው ላይ ፕላስተር ለጥፈህ ሩብ፣ ግማሽ፣ ሦስት ሩብ ብለህ ምልክት አድርግበት። የቱ ላይ እንደምታመም ስታውቅ የትኛውን እንደምትነካ ታውቃለህ።

ዮናስ፦ እዚያው ቾኩን፣ አየር የሚቀንሰውን፣ ትንሽ ሳብ አድርጌ ነበር። ጉልበቷ ተመለሰ።

ሜሮን፦ አየህ፣ ቤንዚን አንሶኛል እያለችህ ነበር። እሳት የምትሰጠው ካንዴላዋስ?

ዮናስ፦ ነጭ። እንደ ኖራ።

ሜሮን፦ ለጋ የተቆላ ቡና ቢመስል ደህና ነበር። ጥቁር ጥላሸት ቢይዝ ቤንዚን በዝቷል ማለት ነው። በዛሬው ቤንዚን ግን ቀለሙ እንደ ድሮው ግልጽ አይደለም። ደግሞ ቤትህ ደርሰህ፣ ሚኒሞ ላይ አቆይተህ ከፈታሃት የምታየው የሚኒሞውን ቀለም ነው። ነዳጁን ይዘህ ስትሄድ ፍሪሲዮን ጨብጠህ፣ ሞተሩን እዚያው አጥፍተህ፣ ዳር ይዘህ ነው የሚፈታው። መኪና በሌለበት፣ በናትህ።

ዮናስ፦ እና ያ ፓ ፓ የሚለው?

ሜሮን፦ እሱ ሌላ በሽታ ነው። ሰው ሁሉ ፓ ፓ ሲል «ቅልቅሉ ቀጥኗል» ይላል። ብዙ ጊዜ ግን ማርሚታው ከቴስታታው፣ ከሞተሩ ራስ፣ ጋር የሚገጥምበት ላይ ነው ጣጣው። እጀታውን ስትመልስ ቱቦው በዚያች ክፍተት አየር ይስባል፣ ያልተቃጠለው ቤንዚን እዚያው ይፈነዳል። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ አስነሳና መገጣጠሚያው ላይ የሳሙና ውሃ ቀባ። አረፋ ከሠራ አገኘኸው።

ዮናስ፦ አደረግኩት። እንደ ልብስ ማጠቢያ ሆነ።

ሜሮን፦ መሀላቸው የምትገባውን ጓርኒሲዮን ቀይረውልህ ነበር?

ዮናስ፦ የድሮዋን ነው መልሰው ያስገቡት። «ገና ናት» ብለውኝ።

ሜሮን፦ ያቺ ቀለበት አንዴ ከተጨፈለቀች አበቃ። አዲስ ነው የሚገባው። በሌላ በኩል በካርቡራተሩና በቴስታታው መሀል ያለችውን ጎማም እይ። ከተሰነጠቀች አየር ታስገባለች፣ ጄት ብትቀይር ባትቀይር ለውጥ የለውም። ሚኒሞ ላይ እያለች ውሃ በትንሹ ርጭ አድርግባት፣ ድምፁ ከተለወጠ እሷ ናት። ቤንዚን የሚረጩ አይቻለሁ። በጋለ ሞተር ላይ!

ዮናስ፦ የእኔ ጎማ ደህና ናት። ጓርኒሲዮን ቀየርኩ፣ ፓ ፓው ጠፋ። ሙቀቱ ግን አለ።

ሜሮን፦ አሁን ነዋ ጄት የሚነካው። ቁጥሯ ስንት ነበር?

ዮናስ፦ 110። 115 ገዛሁ። ሱቁ ውስጥ 130ም ነበረ፣ ልጁ «ይኸው ጨርሰው» ሲለኝ ነበር።

ሜሮን፦ እንኳን አልሰማኸው። አንድ ወይም ሁለት ደረጃ ትወጣለህ፣ ትነዳለህ፣ ካንዴላ ታያለህ። ደግሞ ያው ፋብሪካ የሠራት ትሁን። የአንዱ ቁጥር ከሌላው ጋር አይገጥምም።

ዮናስ፦ አዳማ ድረስ ወርጄ ሞከርኩ። ቡኒ ሆነች፣ አማረች። አዲስ አበባ ስመለስ ግን ያ ሳል መጣ።

ሜሮን፦ መምጣቱ አይቀርም። አሁን ሁለቱንም ከተማ ልታስደስት ነው የፈለግከው። እኔ ብሆን የአየር ማጣሪያዋን ሳጥን እመልሳለሁ። ሰው ማርሚታውን ይረግማል እንጂ ብዙውን ጊዜ የሚረብሸው ፊልትሮው ነው። ሳጥኑ ሲወጣ ካርቡራተሩ ቤንዚን የሚስብበት ጉልበት ይቀንሳል። አቧራውንም አስበው፣ በተለይ ያንን መንገድ።

ዮናስ፦ ሳጥኑን መለስኩ፣ እሺ። ማርሚታው ግን አይነካም።

ሜሮን፦ ጎረቤቶችህ ይፍረዱ። ጄቷስ?

ዮናስ፦ እዚህ 110 ትሁን። 115ቷንና ካቻቢቴ ኪሴ ይዣለሁ። አዳማ ቁርሴን በልቼ እቀይራለሁ።

ሜሮን፦ ዮኒ፣ ጄቷ እኮ የሽንብራ ፍሬ ነው የምታክለው። ሣር ላይ ቁጭ ብለህ እንዳትፈታት።

ዮናስ፦ ...

ሜሮን፦ ጠፍታብሃለች አይደል?

ዮናስ፦ አንዷ ብቻ።