ቦርሳውን ልጁ ይሸክፍ

(በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ስካውት ሊጀምሩ ለመጡ ልጆችና ወላጆቻቸው የተደረገ ንግግር)

እንደምን አመሻችሁ።

በሥራ ቀን፣ በዚያ የቤልትዌይ ትራፊክ፣ እዚህ ድረስ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከመካከላችሁ ከዚህ ወጥቶ ወደ ማታ ሺፍት የሚሄድ እንዳለም አውቃለሁ። ስለዚህ አላስረዝምም። እንዲህ ብሎ የጀመረ ሰው ሁሉ እንደሚያስረዝም ታውቃላችሁ፤ እኔ ግን እሞክራለሁ።

ልጆች፣ አማርኛው ከከበዳችሁ አጠገባችሁ ያለውን ጠይቁ። እሱም ካልገባው ስጨርስ በእንግሊዝኛ እነግራችኋለሁ።

እኔ የስካውት ሰው ሆኜ አላደግኩም። አገር ቤት እያለሁ ድንኳን የማውቀው ለሠርግና ለለቅሶ ነው። እዚህ መጥተን ልጄ 11 ዓመት ሲሞላው አንድ ጓደኛው ጋበዘው። ማታ ቤት መጥቶ፣ «አባ፣ ጫካ ሄጄ ላድር ነው» አለኝ። እናቱ ሰማችና፣ «እዚህ ድረስ ያመጣንህ መሬት ላይ እንድትተኛ ነው?» አለችው። እውነት ለመናገር እኔም የእሷ ወገን ነበርኩ።

አሁን ልጁ 15 ዓመቱ ነው። እኔም የትሩፑ፣ ማለትም የዚህ የስካውት ቡድናችን፣ ኮሚቴ ውስጥ ገብቻለሁ። ዛሬ የማወራችሁ መመሪያው ላይ ያለውን አይደለም፤ እሱን ራሳችሁ ታነቡታላችሁ። የማወራችሁ የመጀመሪያውን ቅዳሜ እንዴት እንዳበላሸሁት ነው።

የመጀመሪያው ካምፒንግ ጥቅምት ላይ ነበር፣ ሲ ኤንድ ኦ ካናል ዳር። ከጆርጅታውን ተነስቶ እስከ ከምበርላንድ 184 ማይል ተኩል የሚሄደው የድሮ የጀልባ መንገድ ማለት ነው። ቦርሳውን እኔ ሸከፍኩለት። ያውም እንዴት አድርጌ! ካልሲው ለብቻው በፌስታል፣ ሹራቡ ለብቻው በፌስታል፣ የዝናብ ልብሱ ከሥር። እናቱ ደግሞ የተረፈውን ቦታ በድፎ ዳቦና በጋቢ ሞላችው። ልጁ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል። እኔ ጥሩ አባት የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

አብሬው ሄድኩ። ማታ ወደ ሁለት ሰዓት ላይ ዝናብ ጀመረ። ሌሎቹ ልጆች ሁሉ እጃቸውን ቦርሳቸው ኪስ ውስጥ ሰደድ አድርገው ባትሪያቸውን አወጡ፣ የዝናብ ልብሳቸውን ለበሱ። የኔው ልጅ ጭቃው ላይ ተንበርክኮ ፌስታል ይዳብሳል። አንዱን ያወጣል፣ ይፈታል፣ ካልሲ ነው። ሌላውን ይፈታል፣ ዳቦ ነው። በመጨረሻ፣ «አባ፣ ባትሪው የት ነው?» ብሎ ጮኸ።

ልነሳ ስል ስካውት ማስተሩ፣ ትሩፑን የሚመራው ትልቅ ሰው፣ ትከሻዬን ያዝ አደረገኝ። «ቡናህን ጠጣ» አለኝ። ተናደድኩ። ልጄ እየራሰ ቡና ጠጣ ይለኛል! ያን ጊዜ ከፓትሮሉ፣ ማለትም ልጄ ካለበት ትንሽ ቡድን፣ አንድ የ13 ዓመት ልጅ መጣ። ምንም አልተናገረም። የራሱን ባትሪ ከፍ አድርጎ ያዘለት፣ እስኪያገኝ ድረስ። ባትሪው አንዱ ካልሲ ውስጥ ነበር። እንዳይሰበር ብዬ እኔ ነኝ የከተትኩት። እስከዚያ ጋቢው ዝናቡን ጠጥቶ ነበር። እናቶች፣ የራሰ ጋቢ አንድ በግ ይመዝናል። ጋቢ አትላኩ። ጂንስም እንደዚያው ነው፤ ጥጥ ከራሰ ቶሎ አይደርቅም፣ ያበርዳል።

በሚቀጥለው ወር ቦርሳውን ራሱ ሸከፈ። ማንኪያ ረሳ። በእጁ በላ። ለእኛ ልጅ ይሄ ምኑ ችግር ነው? የፓትሮሉ ልጆች ግን ጉድ አሉ። እሁድ ጠዋት ላይ ሦስቱ ማንኪያቸውን አስቀምጠው በእጃቸው ይበሉ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንኪያው ከውኃ ኮዳው ጋር በሲባጎ ታስሮ ነው የሚሄደው። እኔ አልነገርኩትም። ራሱ ነው ያሰረው።

ይህን ነገር የጀመረው ሰው ሐሳቡም ይኸው ነበር። ቤደን ፓወል የእንግሊዝ ጦር መኮንን ነው። በፈረንጆቹ 1907 ነሐሴ ላይ ብራውንሲ በምትባል የእንግሊዝ ደሴት 20 ያህል ልጆች ሰብስቦ ካምፕ አወጣ። የሀብታምም የሠራተኛም ልጆች ነበሩበት። በትንንሽ ቡድን ከፈላቸውና ለእያንዳንዱ ቡድን ከልጆቹ መካከል መሪ ሰጠው። ፓትሮል የሚባለው ከዚያ ጀምሮ ያለ ነው። ሰውዬው በመጨረሻ የኛ ጎረቤት ሆነ፤ በ1941 ኬንያ ውስጥ ኒየሪ ሞቶ እዚያው ተቀበረ። መቃብሩ ላይ ክብ አለ፣ መሐሉ ላይ ነጥብ። በስካውት የመንገድ ምልክት «ወደ ቤቴ ሄጃለሁ» ማለት ነው። ልጆች፣ ምልክቱን መንገድ ላይ በጠጠር ትሠሩታላችሁ።

ነገሩ ለእኛም ባዕድ አይደለም። በጃንሆይ ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ ቦይ ስካውት ነበረ። ቅድም ስንገባ አንድ አባት የስካውቱን የአንገት ሻርፕ አይተው፣ «ይቺን አውቃታለሁ» አሉኝ። ሻይ ላይ ያዟቸው።

የአሜሪካው ድርጅት በ1910 ነው የተመሠረተው። ከየካቲት 2025 ጀምሮ ስሙ ስካውቲንግ አሜሪካ ሆኗል። «ቦይ» የሚለው ወጥቷል፤ ከ2019 ወዲህ ሴት ልጆችም የራሳቸው ትሩፕ አላቸው። ሴት ልጅ ይዛችሁ የመጣችሁ፣ ወንድሟን ልታደርሱ ብቻ ከሆነ እሷንም ጠይቋት። ትሩፕ በጥቅሉ ከ11 እስከ 17 ዓመት ላሉ ነው። ከዚያ በታች ያሉት ከብ ስካውት ይባላሉ፤ እዚያ ወላጅ አብሮ ይሠራል። እዚህ ግን ወላጅ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። ለእኛ ሰው የሚከብደው ይሄ ነው።

አንድ ፓትሮል ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት ልጅ ነው። መሪውን ራሳቸው ይመርጣሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ኤስ ፒ ኤል የምንለው ልጅ አለ፤ ስብሰባውን የሚመራው እሱ ነው። የዛሬ ሳምንት ስትመጡ ፊት የሚቆመው የ16 ዓመት ልጅ ነው። ይሳሳታል። ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ትልልቆቹ ዝም ይላሉ። ዝምታው ግድ የለሽነት እንዳይመስላችሁ፤ እኔ ለመልመድ አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል።

ምግብም የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ከካምፒንጉ በፊት ተቀምጠው ሜኑ ያወጣሉ፣ አንዱ ገንዘቡን ይዞ ይገዛል፣ ተራ ገብተው ያበስላሉ፣ ድስቱን ያጥባሉ። እዚህ ላይ ጥያቄ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ካምፒንግ የሚጀምረው ዓርብ ማታ ነው። ዓርብ ደግሞ ጾም ነው። ሙስሊም ወገኖቻችን ደግሞ ሆት ዶጉ ምንድነው ብላችሁ ትጠይቃላችሁ፤ ልክ ናችሁ፣ ብዙ ጊዜ የአሳማ ሥጋ አለበት። መልሱ አንድ ነው። ልጁ ሜኑው ሲወጣ እዚያው ይናገር። «እኔ ዓርብ ሥጋና ወተት አልበላም» ይበል። ከስካውት ሕግ 12 ነጥቦች የመጨረሻው ፈጣሪን ማክበርና የሌላውን እምነት ማክበር ነው፤ ማንም አይስቅበትም። የኔው ልጅ ሽሮ አመጣ። ካምፕ ምድጃ ላይ ሽሮ ሩብ ሰዓት ነው። የመጀመሪያው ጓጎለ፣ ሁለተኛው አረረ። ሦስተኛውን በቶርቲያ ጠራርገው በሉት። አሁን «ዘ ሽሮ» እያሉ ሜኑው ላይ ራሳቸው ይጽፉታል።

ለመንገድ ደግሞ ሱቅ ሄዳችሁ ውድ ስንቅ አትግዙ። በሶና ቆሎ አለን። አያቶቻችን ሲዘምቱ የያዙት እሱን ነው። በሶ በትንሽ ውኃ ይታሻል፣ እሳት አይፈልግም፣ ቶሎ አይበላሽም። ስካውት ማስተሩን አንድ ቀን አቅምሼው ዱቄቱን የት እንደሚገኝ ጠይቆኛል።

ልጆች፣ አሁን ወደ እናንተ። የመጀመሪያው ደረጃ ስሙ «ስካውት» ነው። ቃለ መሐላውንና 12ቱን ነጥቦች በቃል ታጠናላችሁ፣ የኪስ ቢላ እንዴት እንደሚያዝ ትማራላችሁ፣ ቋጠሮ ትቋጥራላችሁ። ይህን ገመድ እዩት። ቀኙን ጫፍ በግራው ላይ አሳልፌ ጠቀለልኩ። አሁን ግራውን በቀኙ ላይ። ሳብኩ። አያችሁ፣ ጠፍጣፋ ሆኖ ተኛ። ቁስል የታሰረበትን ጨርቅ የምትቋጥሩት በዚህ ነው። አሁን ልሳሳት። ቀኙን በግራው፣ እንደገና ቀኙን በግራው። ተጣመመ። ሲስቡት ይንሸራተታል። ብዙዎቻችን ጫማችንን ይሄን ዕድሜ ልክ ያሰርነው በዚህኛው ነው። ለዚህ ነው የሚፈታው።

አሁን አንድ ከባድ ነገር ላንሳ። ሳልነግራችሁ ባልፍ ነገ ጎግል አድርጋችሁ ስታገኙት ትታዘቡኛላችሁ። ይህ ድርጅት በየካቲት 2020 ኪሳራ አውጇል። በልጅነታችን በስካውት መሪዎች ጾታዊ ጥቃት ደርሶብናል ያሉ ከ80 ሺህ በላይ ሰዎች ክስ አቅርበው ነበር። ለካሳ የተያዘው 2.46 ቢሊዮን ዶላር ነው። ብዙዎቹ ከአሥርት ዓመታት በፊት የሆኑ ናቸው። ያ ግን ለማንም መጽናኛ አይሆንም።

ስለዚህ ሕጉን እወቁት። አንድ ትልቅ ሰው ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን አይሆንም፤ በአካልም በቴክስትም። ሁልጊዜ ዕድሜያቸው 21 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ፣ የተመዘገቡ ሁለት መሪዎች ይኖራሉ። ካምፕ የሚያድር ትልቅ ሰው ሁሉ፣ ወላጅም ቢሆን፣ ተመዝግቦ የልጆች ጥበቃ ሥልጠናውን መውሰድ አለበት። ሥልጠናው ኦንላይን ነው። እኔ የማምነው ሰው ነው እያላችሁ ሕጉ ሲጣስ ዝም አትበሉ። እኔን ብታዩኝም ተናገሩ።

ለመጀመሪያው ደረጃ ደግሞ ወላጅና ልጅ ተቀምጠው ስለዚህ ጉዳይ የሚነጋገሩበት ትንሽ ጽሑፍ አለ። ብዙ ወላጅ ሳያነብ ሊፈርም ይፈልጋል። እኛ ቤት ስለዚህ አይወራም። እኔም ሁለት ሳምንት አመለጥኩ። በመጨረሻ ያወራሁት መኪና ውስጥ ነው። ወደፊት እያየሁ፣ እሱም ወደ ውጭ እያየ። ፊት ለፊት ቢሆን አልችልም ነበር። «የሰውነት ክፍል» ስል ጆሮዬ ጋለ። ልጁ፣ «አባ፣ ትምህርት ቤት ነግረውናል እኮ» አለኝ። ቢሆንም ከኔ መስማቱ ደስ እንዳለው ገብቶኛል። መኪና ውስጥ ሞክሩት።

ስለ ወጪ አጭር ላድርግ። ዩኒፎርሙን ሙሉ ለሙሉ አትግዙ፤ ሸሚዙ ይበቃል፣ እሱም ከትልልቆቹ ልጆች የተረፈ ቁም ሳጥን ውስጥ አለ። ድንኳን ትሩፑ አለው። ስሊፒንግ ባግ ለመጀመሪያ ጊዜ ተዋሱ። አዲስ ጫማ ካምፕ ላይ አታስመርቁ፤ ሁለት ሳምንት ቤት ይለበስ። የጤና ቅጹን ሙሉ፣ ኤ እና ቢ የሚባሉትን ክፍሎች። በጋ ላይ ለአንድ ሳምንት ቨርጂኒያ፣ ጎሸን ወደሚባለው የስካውት ካምፕ ሲሄዱ ግን ሐኪም የሚሞላው ክፍልም ይጠየቃል፤ ቀጠሮውን በግንቦት ያዙ። በሰኔ የሚገኝ ሐኪም የለም።

አንዲት ጥያቄ ከወዲሁ ልመልስ፣ ምክንያቱም ሁልጊዜ ትመጣለች። «ለኮሌጅ ይጠቅመዋል ወይ?» ኢግል የሚባለውን የመጨረሻ ደረጃ ማለታችሁ ነው። 21 ሜሪት ባጅ፣ ልጁ በየርዕሱ ተምሮ የሚያገኘውን ምልክት፣ ይፈልጋል፣ ለማኅበረሰቡ የሚጠቅም አንድ ፕሮጀክት መርቶ መጨረስ ይፈልጋል፣ ሁሉም 18 ዓመት ሳይሞላ። አዎ፣ ማመልከቻ ላይ ያምራል። ግን እባካችሁ የ11 ዓመት ልጅ መጀመሪያ ቀን ስለ ኢግል አይነገረው። የባጅ ሰንጠረዥ በኤክሴል የሠራ አባት አውቃለሁ። ልጁ በስድስት ወሩ ተወው። መጀመሪያ ማንኪያውን ይዞ መሄድ ይልመድ።

ዛሬ ማንም መመዝገብ የለበትም። ሁለት ሦስት ጊዜ መጥታችሁ እዩ። ልጁ ካልወደደው አልወደደውም።

ልጆች፣ ገመዶቹ እዚያ ጥግ ጠረጴዛው ላይ ናቸው። ኤስ ፒ ኤሉ ይጠብቃችኋል። ወላጆች፣ ሻዩ በዚህ በኩል ነው፣ ከበሶውም ቅመሱ። ወደ ጠረጴዛው አትሂዱ። እናቴ፣ እርስዎንም ነው፣ ቁጭ ይበሉ፤ ራሱ ይቋጥረው።