«ዝገት» ያልነው እኛው ነን

የተከበራችሁ እንግዶች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ የታካሚ ቤተሰቦች፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

የዓለም የኩላሊት ቀን ስለሆነ ስለ ኦክሲዴቲቭ ስትረስ፣ ማለትም ቁጡ የኦክስጅን ዓይነቶች ሰውነት ውስጥ በዝተው ስለሚያደርሱት ጉዳት፣ ተናገር ተብያለሁ። እናገራለሁ። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልናዘዝ። ለዓመታት «ደም ስራችሁ እንደ ብረት ይዝጋል» እያልን ያስተማርነው እኛ ሐኪሞች ነን። ቀላል ምሳሌ መስሎን ነበር። ይኸው ዛሬ የዝገት ማስለቀቂያው «አንቲኦክሲደንት» ተብሎ በየሱቁ ይቸበቸባል።

አንድ መምህር ናቸው። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ሲቀራቸው ክፍሌ ገቡ። ግፊት እንዳለባቸው ካወቁ ቆይተዋል። የያዙትን ጥቁር ፌስታል ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፉት። ልጃቸው ከአሜሪካ የላከችላቸው ቫይታሚን ኢ። አረንጓዴ ዱቄት። «ኩላሊት ያጥባል» የተባለ ሻይ። ከሁሉም ሥር ደግሞ ለጉልበት ሕመማቸው የሚውጡት ማስታገሻ፣ ግማሹ ያለቀ ዳይክሎፌናክ።

«የግፊቱ ክኒንስ ጋሼ?» አልኳቸው።

«እሱንማ ተውኩት። ኬሚካል ነው። ይሄ ግን አንቲኦክሲደንት ነው።»

ቃሉን ከእኔ አሳምረው ነው የጠሩት። ማን እንደነገራቸው ስጠይቅ ትንሽ ዝም አሉና፣ «ካቻምና፣ እዚያ አዳራሽ፣ እርስዎ ነዎት የነገሩን» አሉኝ።

አዳራሹ ይሄ ነው። የቆምኩትም እዚሁ ቦታ ላይ ነበር።

እንግዲህ ያኔ ማለት የነበረብኝን ዛሬ ልበል። ልብ ከሚረጨው ደም አንድ አምስተኛ ያህሉ ወደ ኩላሊት ይሄዳል። እያንዳንዱ ኩላሊት አንድ ሚሊዮን ገደማ ማጣሪያ አለው። በእያንዳንዱ ማጣሪያ ደጃፍ ላይ ከፀጉር የቀጠነች ደም ስር አለች። ዘና ስትል ደም ይገባል፣ ስትጨበጥ ይቀንሳል። ዘና የሚያደርጋት ከራሷ የውስጥ ሽፋን የሚመነጭ ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ነው። ግፊትና ስኳር ሲቆዩ በግድግዳዋ ውስጥ ሱፐርኦክሳይድ የሚባል ቁጡ የኦክስጅን ዓይነት ይበዛል። ያንን ጋዝ እየለቀመ ያጠፋዋል። ሁለቱ ሲዋሃዱ ደግሞ ሌላ ጎጂ ነገር ይወለዳል። ደም ስሯ እንደተጨበጠች ትቀራለች። የኩላሊት ውስጠኛው ክፍል በደህናው ቀንም ኦክስጅን የሚያጥረው ነው። ቀድሞ የሚራበውም እሱ ነው።

ታዲያ ይሄ የቱ ጋ ነው ዝገት? ከውጭ የገባ ቆሻሻ አይደለም፣ ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው ነው። ነጭ የደም ሴሎቻችን ጀርም የሚገድሉት በዚሁ ነው። የሚበዛው አዛዥ ስላለው ነው። ከአዛዦቹ አንዱ አንጂዮቴንሲን የሚባል ሆርሞን ነው። መምህሩ የተዉት ክኒን ኢናላፕሪል ነበር። ሥራው ይህ ሆርሞን እንዳይመረት ማገድ ነው። ሰምታችኋል? አንቲኦክሲደንት ከተባለ፣ ቤት ጥለውት የመጡት እሱን ነበር!

ቫይታሚን ኢውስ? ሆፕ በተባለው፣ ከ9 ሺህ በላይ ሰዎች በተሳተፉበትና ውጤቱ በ2000 እ.ኤ.አ. በወጣው ጥናት፣ የልብ ድካምንም ስትሮክንም አልቀነሰም። የኢናላፕሪል ዘመድ የሆነው ራሚፕሪል ግን በዚያው ጥናት ሁለቱንም ቀንሷል። አንዱ በውድ ዋጋ «ተፈጥሯዊ» ተብሎ ይሸጣል፣ ሌላው በርካሽ «ኬሚካል» ተብሎ ይጣላል። ይሄን እያዩ ዝም ማለት ሙያ አይደለም!

ዳይክሎፌናክ ያችኑ ደጃፍ በሌላ መንገድ ያጠብባታል። ሲጋራና ጨውም አሉ፣ ታውቋቸዋላችሁ። የሽንት አልቡሚን፣ ማለትም ማጣሪያው ሲጎዳ ወደ ሽንት የሚያመልጠውን ፕሮቲን፣ አስመርምሩ። ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ክሬቲኒን የተባለ ቆሻሻ ከፍ እስኪል ከጠበቃችሁ ብዙው ማጣሪያ ሄዷል።

የመምህሩም ሄዶ ነበር። የኩላሊት እጥበታቸው ሰኞና ሐሙስ ነው። ዛሬ ሐሙስ ስለሆነ እዚህ የሉም።

በር ላይ በራሪ ወረቀት እየታደለ ነው። ሁለተኛው ገጽ ላይ የዛገ ቧንቧ ሥዕል አለ። ያስገባሁት እኔ ነኝ። መቀስ ይዤ መጥቻለሁ፣ ሻይ ከመጠጣታችን በፊት ሁለት ሦስት ሰው ቢያግዘኝ ቶሎ እንጨርሳለን።

አመሰግናለሁ።