የቤተሰብ ታሪክ ሲጠና የአጥኚው የራሱ ገጽ ባዶ እንዳይቀር፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዛሬው ዝግጅታችን የቤተሰባቸውን የዘር ሐረግ የሚያጠኑ አድማጮች በስልክ ካቀረቧቸው ጥያቄዎች መካከል፣ የራስን የሕይወት ታሪክ ስለ መመዝገብ የተነሡትን አምስቱን መርጠን መልስ ሰጥተንባቸዋል።

ጥያቄ፦ «የአራት ትውልድ የዘር ሐረግ አሰባስቤያለሁ። በቅርቡ አንድ ዘመዴ "የራስሽንስ መቼ ነው የምትጽፊው?" ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ግን ተራ ሰው ነኝ። ስለ ራሴ መጻፍ ራስን ማግነን አይሆንብኝም?»

መልስ፦ ለጥያቄዎ መልስ የሚሰጠው በእጅዎ ያለው ሠንጠረዥ ነው። ሚካኤል አይትሲንገር የተባለ ኦስትሪያዊ እ.ኤ.አ. በ1590 ባሳተመው ሥራ የተጠቀመበትና የዘር ሐረግ አጥኚዎች እስከ ዛሬ የሚሠሩበት የቁጥር አሰጣጥ አለ። በዚህ ዘዴ የጥናቱ መነሻ የሆነው ሰው ቁጥር 1፣ አባቱ 2፣ እናቱ 3 ይሆናሉ፤ ከዚያ ወደ ላይ የማንኛውም ሰው አባት ቁጥር የዚያ ሰው ቁጥር እጥፍ ሲሆን፣ የእናቱ ደግሞ በእጥፉ ላይ አንድ የተጨመረበት ነው። እንግዲህ ቁጥር 1 እርስዎ ነዎት ማለት ነው። እኔ ካየኋቸው የቤተሰብ ማኅደሮች በብዙዎቹ ውስጥ ግን ቁጥር 13 ስለ ሆነችው ቅድመ አያት፣ ማለትም ስለ እናት አባት እናት፣ በብዙ ድካም የተሰበሰበ የሦስት ገጽ ማስታወሻ ተቀምጦ ሳለ፣ በቁጥር 1 ሥር የሚገኘው የትውልድ ቀንና የሥራ ዓይነት ብቻ ነው።

እስቲ ስለዚያች ቅድመ አያት የሚያውቁትን ይመልከቱ። መዝገብ የተወለደችበትን፣ ያገባችበትንና የሞተችበትን ቀን ይነግርዎት ይሆናል፤ ግራኝ መሆኗን፣ ልጅ ስታስተኛ የምታንጎራጉረውን፣ ስትናደድ ዝም ትል ወይም ትጮኽ እንደ ነበር ግን አይነግርዎትም። ይህን በገዛ እጇ የጻፈችበት አንዲት ቅጠል ወረቀት ቢገኝ ከማኅደሩ ሁሉ አስበልጠው እንደሚይዙት አልጠራጠርም። ለልጅ ልጅዎ ልጅ ደግሞ ቅድመ አያት የሚሆኑት እርስዎ ነዎት። «ተራ» ያሉት የዕለት ኑሮ ማንም ይመዘገባል ብሎ ስለማያስበው ቀድሞ የሚጠፋውም እርሱ ነው።

ጥያቄ፦ «ከልደቴ ጀምሬ ሁለት ገጽ እንደ ጻፍኩ ብዕሬ ቆመ። ከየት ልጀምር?»

መልስ፦ ከልደትዎ ባይጀምሩ ይሻላል፤ እርሱን የሚያስታውስ ሰው የለምና። አብዛኞቻችን ሦስት ዓመት ሳይሞላን የሆነውን አናስታውስም፤ ስለዚያ ጊዜ የምናወራው ከታላላቆቻችን የሰማነውን ነው፤ ስለዚህ «ሲነገር የሰማሁት» በሚል ርእስ ለይተው ያስቀምጡት። የትዝታ አጥኚዎች በተደጋጋሚ እንዳረጋገጡት፣ ዕድሜው የገፋ ሰው ሕይወቱን ሲተርክ ጎልቶ የሚታወሰው ከ10 እስከ 30 ዓመት ባለው ዕድሜው የደረሰበት ነው። ከዚያ ቢጀምሩ ብዕርዎ ይፈታል።

አሁንም ካልሆነ ያደጉበትን ቤት ንድፍ በእርሳስ ይሳሉ፤ በሩ ወዴት ይከፈት እንደ ነበር፣ ማን የት ይተኛ እንደ ነበር ያመልክቱ። እኔ ራሴ ይህን ስሞክር አንዱ መስኮት በየትኛው ግድግዳ ላይ እንደ ነበረ ጠፍቶኝ ብዙ ታገልኩ፤ በመጨረሻ የመለሰልኝ በዚያ መስኮት ሥር ተቀምጣ ትሰፋ የነበረችው የአክስቴ የልብስ ስፌት መኪና ድምፅ ነበር። ከዚያ ድምፅ አራት ገጽ ወጣ፤ ስለ መስኮቱ ግን ከአንድ መስመር አያልፍም።

ጥያቄ፦ «ቤት የለወጥነው ስምንት ዓመት ሲሆነኝ ነው እላለሁ፤ ታላቅ እህቴ ዐሥር ሞልቶህ ነበር ትላለች፤ በአባታችን ደብዳቤ ላይ የተጻፈው ቀን ደግሞ ከሁለታችንም አይገጥምም። የትኛውን ልጻፍ?»

መልስ፦ ሦስቱንም ይጻፉ፤ ከእያንዳንዱ ጎን ማን እንዳለው፣ መቼ እንዳለው፣ በምን አጋጣሚ እንዳለው ያስፍሩ። ብሪታንያዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ፍሬደሪክ ባርትሌት እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ስናስታውስ የሆነውን ነገር በየጊዜው እንደ አዲስ እንገነባዋለን፤ ስለዚህ የእርስዎና የእህትዎ ትዝታ መለያየቱ አንዳችሁ ዋሽታችኋል አያሰኝም። ደብዳቤው በዚያው ሰሞን ከተጻፈ የበለጠ ክብደት ሊሰጠው ይገባል፤ ያም ሆኖ ቀኑ በየትኛው የዘመን አቆጣጠር እንደ ተጻፈ ሳያጣሩ አይመኑት። የግሪጎርዮስ አቆጣጠር እ.ኤ.አ. በ1582 ቢታወጅም ብሪታንያ በ1752፣ ሩሲያ ደግሞ ገና በ1918 ነው የተቀበለችው፤ ይህን የዘነጋ አጥኚ አንድን ሰው ሁለት ጊዜ ሲያስወልደው አይቻለሁ። እርስዎም የሚጽፉትን ቀን ሁሉ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይግለጹ። ዕድሜ ሲያከራክር ደግሞ ሌላ ማሰሪያ ይፈልጉ፦ በዚያን ጊዜ ስንተኛ ክፍል ነበሩ? ታናሽዎ ተወልዶ ነበር?

ሳልጠየቅ አንድ ነገር ልጨምር። «አጎቴ» ብለው ብቻ አይለፉ፤ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚያነበው ሰው የእናት ወንድም ይሁን የአባት በምን ያውቃል?

ጥያቄ፦ «የወላጆቼ ፍቺ የሕይወቴ ትልቁ ክፍል ነው፤ እናቴ ግን በሕይወት አለች። ልጻፈው ወይስ ልተወው?»

መልስ፦ መጻፍና ማሳየት የተለያዩ ውሳኔዎች ናቸው። ይጻፉት፤ ግን ለብቻው አሽገው፣ በፖስታው ላይ የሚከፈትበትን ጊዜ ያስፍሩበት። መንግሥታትም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ አሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ መዝገቧን ለሕዝብ የምትከፍተው ከ72 ዓመት በኋላ ሲሆን በእንግሊዝና በዌልስ ደግሞ 100 ዓመት ይጠበቃል። ሲጽፉም እናትዎ ምን አስበው እንደ ነበር በመገመት ሳይሆን እርስዎ ባዩትና በሰሙት ይወሰኑ። በሕይወት ያለ ሰው የትውልድ ቀንና አድራሻ ኢንተርኔት ላይ መውጣት እንደሌለበት መቼም አይጠፋዎትም።

ጥያቄ፦ «በስልኬ ድምፄን ልቅዳ ወይስ በእጄ ልጻፍ?»

መልስ፦ ብዕር የሚከብድዎ ከሆነ ይቅዱ፤ የድምፅዎ ለዛ በጽሑፍ አይተላለፍም። በእያንዳንዱ ቅጂ መጀመሪያ ላይ ስምዎንና ቀኑን ይናገሩ። ስልክዎ ከፈቀደ ዌቭ (WAV) በተባለው ያልተጨመቀ የድምፅ ፋይል፣ የጥራት መጠኑን በ48 ኪሎ ኸርዝና በ24 ቢት አድርገው ይቅዱ፤ በስቲሪዮ አንድ ሰዓት ወደ 1 ጊጋ ባይት ይወስዳል። ከዚያ የፋይሉን ሦስት ግልባጭ ያኑሩ፤ ሁለቱ በተለያየ ዓይነት ማስቀመጫ ላይ ይሁኑ፣ አንዱ ደግሞ ከቤትዎ ውጪ ይቀመጥ። የተናገሩትንም በጽሑፍ ይገልብጡት፤ በድምፅ ብቻ በተቀመጠ የስድስት ሰዓት ቅጂ ውስጥ አንድ ስም መፈለግ ማንንም ያሰለቻል።

በወረቀት የሚጽፉ ከሆነ አሲድ የሌለው ወረቀት ይምረጡ፤ ሌላው ጊዜው ሲደርስ ቢጫ ሆኖ ይሰባበራል። በፎቶግራፍ ጀርባ ላይ በለስላሳ እርሳስ ቀስ ብለው ይጻፉ፤ እስክሪብቶ ተጭኖ ወደ ፊት ለፊቱ ይወጣል። በሙቀት የሚታተመውን የደረሰኝ ወረቀት ግን እንደ ማስረጃ አድርገው አያስቀምጡት፤ ጽሑፉ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ስለሚደበዝዝ ዛሬውኑ ፎቶ ኮፒ ያድርጉት።