«ዕቃዬ የት ደረሰ?» የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በኦንላይን የታዘዙ ዕቃዎችን ስለመከታተል በስልክ ከተቀበልናቸው ጥያቄዎች መካከል የተመረጡት፣ በፖስታ ጥቅል ክፍል ረጅም ዘመን ከሠሩት እንግዳችን መልስ ጋር ከዚህ በታች ቀርበዋል።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ፣ ገርጂ)፦ ከቻይና የሕፃን ጫማ ካዘዝኩ 18 ቀን ሆኖኛል። ሻጩ የሰጠኝን የመከታተያ ቁጥር ባስገባሁ ቁጥር «የጭነት መረጃ ደርሶናል» ከማለት አያልፍም። ጠፍቶብኝ ይሆን?

መልስ፦ አልጠፋም እህቴ፤ እንዲያውም ገና መንገድ አልጀመረም። ይህ መስመር የሚነግርዎ ሻጩ አድራሻዎን ሞልቶ በጥቅሉ ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት ማተሙን ብቻ ነው። ጫማው ግን እስካሁን ከሻጩ መደርደሪያ ላይ ሊሆን ይችላል፤ ሻጩ ራሱ ዕቃውን ገና ከአምራቹ አላመጣውም ይሆናል። የፖስታ ሠራተኛ ጥቅሉን ተቀብሎ ባርኮዱን ሲያነበው «ተቀብለናል» የሚል አዲስ መስመር ይወጣል፤ ጉዞው የሚቆጠረው ከዚያች ቀን ጀምሮ ነው። ለሰው ሁሉ ስደጋግመው የኖርኩትን ለእርስዎም ልንገርዎ፦ በስክሪኑ ላይ የሚያዩት እያንዳንዱ መስመር አንድ ሰው ወይም አንድ ማሽን ያንን ባርኮድ ያነበበባትን ቅጽበት ይመዘግባል እንጂ የዕቃውን ውሎና አዳር አይተርክም። 18 ቀን ግን በዝቷል፤ ሻጩን በዚያው በገዙበት መድረክ የመልእክት ሳጥን ይጠይቁት። በቴሌግራም አይሁን፤ ክርክር ቢነሣ ማስረጃ ሆኖ የሚቀርብልዎ በመድረኩ ላይ የተጻፈው ነው።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ የእኔስ «ከላኪው አገር የልውውጥ ጣቢያ ወጥቷል» ካለ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ ዝም አለ።

መልስ፦ ዝም ያለው ከረጢት ውስጥ ስለገባ ነው። የላኪው አገር የልውውጥ ጣቢያ ወደ ኢትዮጵያ የሚመጡትን ትንንሽ ጥቅሎች በአንድ ትልቅ ከረጢት ይሞላል፤ አፉን አጥብቆ በፕላስቲክ ማሰሪያ ይቆልፈዋል፤ በአንገቱ ላይም የከረጢቱን የራሱን ወረቀት ያንጠለጥልበታል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በየመጋዘኑ የሚነበበው ይኸው ወረቀት ነው፤ የእርስዎ ቁጥር ከሌሎች በርካታ ቁጥሮች ጋር ውስጥ ተኝቷል። ከረጢቱ የአውሮፕላን ቦታ እስኪያገኝ ቀናት ሊጠብቅ ይችላል፤ በሦስተኛ አገር አውሮፕላን ቢቀይር እንኳ የሚከፍተው የለም፤ ስለዚህ «ወጥቷል» የሚለው ቃል ሁልጊዜ «በሯል» ማለት እንዳልሆነ ይወቁ። አዲስ አበባ ደርሶ ማሰሪያው ተቆርጦ ጥቅሎቹ አንድ በአንድ ሲነበቡ ስልክዎ እንደገና መናገር ይጀምራል። የቻይናውያን አዲስ ዓመት ወይም የእኛ በዓላት የገጠሙት እንደሆነ ደግሞ ከዚህም ይረዝማል። ቁጥሩን በቀን አሥር ጊዜ ማየት ከረጢቱን አያፋጥነውም።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ 14:30 የሚለው ሰዓት በእኛ ስንት ነው?

መልስ፦ ከሰዓት 8:30 ነው፤ ነገር ግን ጥቅሉ የተነበበበት አገር ሰዓት ስለሆነ ንባቡ ቻይና ከሆነ አምስት ሰዓት ይቀንሱ፤ በእኛ ከጠዋቱ 3:30 ይሆናል።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ሻጩ የሰጠኝን ቁጥር ሳስገባ «አልተገኘም» ይላል። ቁጥሩ እውነተኛ መሆኑን የማወቂያ መንገድ አለ?

መልስ፦ ለፖስታ ቁጥሮች አለ፤ ይህን ጥያቄ ደግሞ እወደዋለሁ። በ1874 በስዊዘርላንድ በርን ከተማ የተመሠረተው የዓለም ፖስታ ኅብረት ያወጣው ቁጥር 13 ቦታ አለው፤ መጀመሪያ ሁለት የላቲን ፊደላት፣ ከዚያ ዘጠኝ አኃዞች፣ በመጨረሻም የላኪውን አገር የሚያመለክቱ ሁለት ፊደላት ናቸው። የመጨረሻዎቹ ሲኤን ከሆኑ ከቻይና፣ ዩኤስ ከሆኑ ከአሜሪካ፣ ኢቲ ከሆኑ ከእኛ የተላከ ነው። የመጀመሪያው ፊደል አር ከሆነ አደራ ደብዳቤ፣ ሲ ከሆነ ጥቅል፣ ኢ ከሆነ ፈጣን መልእክት ነው፤ ዩ ከሆነ ግን እስከ ደጅ የሚደርስ ክትትል አይጠብቁ፤ ርካሹን መላኪያ መርጠዋል ማለት ነው።

ዘጠነኛው አኃዝ ደግሞ የቀሩትን ስምንቱን የሚጠብቅ ዘበኛ ነው። ለምሳሌ 123456785ን እንውሰድ። ስምንቱን አኃዞች በቅደም ተከተል በ8፣ በ6፣ በ4፣ በ2፣ በ3፣ በ5፣ በ9 እና በ7 አባዝተው ውጤቶቹን ሲደምሩ 204 ያገኛሉ፤ 204 ለ11 ሲካፈል ቀሪው 6 ነው፤ ከ11 ላይ 6 ሲነሣ 5 ይቀራል፤ ዘጠነኛው አኃዝም 5 ነው። የሚቀረው 10 ከሆነ 0፣ 11 ከሆነ 5 ይጻፋል። ሒሳቡ ካልገጠመ ወይ እርስዎ ሲጽፉ ተሳስተዋል ወይ ሻጩ ከራሱ ፈጥሮ ሰጥቶዎታል። መግጠሙ ግን ሻጩን ታማኝ አያደርገውም፤ የሌላ ሰው እውነተኛ ቁጥር የሚሰጡም አሉ። የግል ድርጅቶች የራሳቸው አሠራር ስላላቸው ይህ ሒሳብ ለእነርሱ አይሠራም፤ የዩፒኤስ ቁጥር ለምሳሌ ብዙውን ጊዜ በ1ዜድ ይጀምራል። ምንም ዓይነት ቁጥር ቢሆን የአጓጓዡን ድረ ገጽ ራስዎ ከፍተው፣ ቁጥሩን በእጅዎ ጽፈው ይዩ።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦ ከፖስታ ቤት ነኝ የሚል አጭር መልእክት መጣልኝ። አድራሻዬ ስላልተሟላ ዕቃዬ መቆሙንና 30 ሳንቲም ከፍዬ እንዳስተካክል ይላል። ዕቃ እየጠበቅሁ ስለነበር ሊንኩን ከፍቼ የካርዴን ቁጥር ሞላሁ፤ ወዲያው ከባንክ ኮድ መጣልኝና እርሱንም አስገባሁ። ዕቃዬ አሁን መቼ ይመጣል?

መልስ፦ የዕቃው ነገር ይቆየን እህቴ። አሁኑኑ ይህን ስልክ ዘግተው በካርድዎ ጀርባ ላይ ባለው ቁጥር ባንክዎ ጋ ይደውሉና ካርዱን ያዘጉ። በመልእክቱ ውስጥ ያለው ስልክ ቁጥር ጋ እንዳይደውሉ። ያ ኮድ ብዙውን ጊዜ ካርድዎን ሌባው ስልክ ላይ ለመጫን የሚጠየቅ ነውና 30 ሳንቲሟ ምክንያት ናት፤ የሚፈለገው ካርዱ ነው።

እርስዎ ይደውሉ፤ እኔ ለሌሎቻችሁ ልናገር፤ ዛሬ ብቻ ይህን የመሰለ ጥያቄ ሦስተኛዬ ነው። የአሜሪካ ፖስታ አገልግሎት እናንተ ራሳችሁ ተመዝግባችሁ መልእክት ይላክልኝ ካላላችሁ በስተቀር በስልካችሁ የክትትል መልእክት አይልክም፤ የሚልከውም ሊንክ የለበትም። አጭበርባሪው ዕቃ መጠበቃችሁን አያውቅም፤ ለብዙ ሰው ይበትነዋል፤ ከዚያ ሁሉ መካከል ዕቃ የሚጠብቅ አይጠፋም፤ የሚጠብቀውም ሰው «ይኸው መጣልኝ» ብሎ ይነካዋል። የላኪውን ቁጥር ልብ ብላችሁ ብታዩት ብዙ ጊዜ የውጭ አገር መለያ አለበት። አንዳንዱ ደግሞ «መጀመሪያ ዋይ የሚለውን የላቲን ፊደል ጽፈህ መልስና ሊንኩን ክፈት» ይላል፤ አንዳንድ ስልኮች ከማያውቁት ሰው የመጣን ሊንክ ስለሚዘጉ በገዛ እጃችሁ እንድታስከፍቱለት ነው። እንዲህ ያለውን መልእክት አሜሪካ ያላችሁ ሳትከፍቱ ወደ 7726 አስተላልፉና አጥፉት።

አገር ቤት ያላችሁ እንዳትስቁ። እናንተ ዘንድ በሌላ ልብስ ይመጣል። በፌስቡክ የተዋወቃችሁት «የውጭ ዜጋ» ስጦታ ልኬአለሁ ይላል፤ ሁለት ቀን ሳይሞላ አንድ ጨዋ ድምፅ ያለው ሰው ከቦሌ ጉምሩክ ነኝ ብሎ ይደውላል፤ ሻንጣው ውስጥ ስልክና ዶላር እንደተገኘ፣ ቀረጡን በዚህ የግለሰብ ሒሳብ ወይም በዚህ ቴሌብር ቁጥር ካስገባችሁ እንደሚለቀቅ ይነግራችኋል። ከከፈላችሁ ቅጣት ይጨመራል፤ ቅጣቱንም ከከፈላችሁ ሌላ ይመጣል። የመንግሥት ቀረጥ በግለሰብ ስም በተከፈተ ሒሳብ አይገባም፤ ሲከፈልም ደረሰኝ አለው። እንዲህ ያለ ሰው ሲደውልላችሁ የመከታተያ ቁጥር ጠይቁት። ቁጥር ከሰጠ ስልኩን ዘግታችሁ ቁጥሩን በእጃችሁ ጽፋችሁ ተመልከቱ፤ እርሱ የላከውን ሊንክ ግን አትንኩ። ምሥጢር ቁጥራችሁንና በስልክ የሚመጣላችሁን ኮድ ደግሞ ለእኔም ቢሆን አትስጡ።

እዚህ ላይ አንድ የሚያበሳጨኝን ልማድ ልጨምር። ዕቃ ሲደርሳችሁ ጥቅሉን ከነወረቀቱ ፎቶ አንሥታችሁ በየግሩፑ የምትለጥፉት ለምንድን ነው? ወረቀቱ ላይ ስማችሁ፣ ስልካችሁ፣ አድራሻችሁና ቁጥሩ ሁሉ አለ። ለአጭበርባሪ ከዚህ የበለጠ ስጦታ የለም። ጫማውን አሳዩ፤ ወረቀቱን ቅደዱት።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ፣ ሜክሲኮ)፦ «ደርሷል» ይላል፤ እጄ ላይ ግን የለም። ሻጩ ደግሞ «መረከብህን አረጋግጥልኝ፣ ካልመጣ እከፍልሃለሁ» እያለ ይለምነኛል።

መልስ፦ እንዳታረጋግጥለት ልጄ! ያቺን ቁልፍ የተጫንክ ዕለት በመድረኩ ተይዞ የነበረው ገንዘብህ ለሻጩ ይለቀቃል፤ ከዚያ በኋላ ልመናው ወደ አንተ ይዞራል። በአገራችን ፖስታ በአብዛኛው የሚደርሰው ወደ ፖስታ ሳጥን ስለሆነ «ደርሷል» ማለት ሳጥኑ ወዳለበት ፖስታ ቤት ገብቷል ማለት ሊሆን ይችላል። የሳጥኑ ባለቤት መሥሪያ ቤትህ ከሆነ የመዝገብ ቤቷን ሠራተኛ ጠይቅ፤ የጥቅል ማስታወቂያ ወረቀት ከመሳቢያዋ የወጣበትን ጊዜ ስንቱን አይቻለሁ። እዚያም ከሌለ መታወቂያህንና ቁጥሩን ይዘህ ፖስታ ቤቱ ሄደህ ማን እንደፈረመ ጠይቅ፤ የመድረኩ የቅሬታ ቀን ሳያልፍም ቅሬታህን አስገባ። ቀኑ የሚቆጠረው በፈረንጅ መሆኑን አትርሳ።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ያዘዝኩት ፓወር ባንክ «ወደ ላኪው ተመልሷል» ይላል። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ምንም አላጠፉም፤ ብቻውን የሚላክ የሊቲየም ባትሪ እሳት ስለሚያስነሣ በዓለም አቀፍ ፖስታ አይላክም፤ ከመጋቢት 23 ቀን 2008፣ በፈረንጅ ኤፕሪል 1 ቀን 2016 ጀምሮ በመንገደኞች አውሮፕላን በጭነትነት መጫኑም ተከልክሏል። ገንዘብዎን ይጠይቁና ከሱቅ ይግዙ።

ጥያቄ (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)፦ ከአዲስ አበባ በ220 ዶላር የሐበሻ ቀሚስ ገዛሁ። ከዚህ በፊት አንድም ቀን ቀረጥ ተጠይቄ አላውቅም፤ አሁን ክፈይ አሉኝ። ይህም ማጭበርበር ነው?

መልስ፦ ጥርጣሬዎን ወድጄዋለሁ፤ ይህ ግን እውነተኛ ሊሆን ይችላል። እስከ 800 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ እንዲገባ ይፈቅድ የነበረው አሠራር ከነሐሴ 23 ቀን 2017፣ በፈረንጅ ኦገስት 29 ቀን 2025 ጀምሮ ለሁሉም አገሮች ቆሟል። ቢሆንም ክፍያውን በመልእክቱ በኩል አይፈጽሙ፤ የአጓጓዡን ድረ ገጽ ከፍተው ቁጥሩን በእጅዎ ጽፈው ይመልከቱ፤ ክፍያው እዚያ ከታየ ይክፈሉ። ሻጭዎ «ዋጋውን 20 ዶላር ብዬ ልጻፍልሽ» ካለችዎት ደግሞ እሺ አይበሉ፤ ሐሰት ከመሆኑም በላይ ቀሚሱ ቢጠፋ የሚካስልዎ 20 ዶላር ነው።

ጥያቄ (ከጎንደር)፦ ለእናቴ የስኳር መድኃኒት ከውጭ በኦንላይን አዝዤላት ነበር። «በጉምሩክ ተይዟል» ካለ ዘጠኝ ቀን ሆነው። ስንት ቀን ልጠብቅ?

መልስ፦ ጫማ ቢሆን ኖሮ ተይዟል ማለት ለፍተሻ ተራ ይጠብቃል ማለት ነው፣ የግዢ ደረሰኝዎን አዘጋጅተው ይጠብቁ እልዎት ነበር። መድኃኒት ግን የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን ቁጥጥር ስለሚያልፍ በመጠበቅ ብቻ የሚለቀቅ አይደለም። ሙቀት የማይችል መድኃኒት ከሆነ ደግሞ በመጋዘን የቆየውን ቢለቀቅም እንኳ ሐኪም ሳይጠይቁ እንዳይሰጧቸው። ደረሰኙንና የሐኪም ማዘዣውን ይዘው ፈቃድ ያለው የጉምሩክ አስተላላፊ ያነጋግሩ፤ እናትዎን ግን ዛሬውኑ ወደ ሐኪማቸው ይውሰዷቸው።